ስልሳ አንደኛው ዲስክ

ጋሽ ተክለ ሃይማኖትን ሞተው ያገኘቻቸው የሕንፃው ጽዳት ሠራተኛ ናት። ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ የአዲሱ ገበያ ታክሲ ተራ በረዳቶች ጩኸት ገና ሲሟሟቅ፣ ሁለተኛ ፎቅ ወጥታ የቪዲዮ ቤታቸውን በር ገርበብ ብሎ አየችው። «ጋሽ ተክሌ ዛሬ ማልደዋል» ብላ ሰላም ልትላቸው አንገቷን አስገባች። ባልዲዋን የት እንደጣለችው እስከ ቀትር ድረስ አላስታወሰችም።

ኢንስፔክተር ሮሐ የደረሰችው የባልዲው ውሃ ከደረጃው ላይ ሳይደርቅ ነበር። ሰውዬው ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተዋል። ከኋላ የተመቱበት የካሜራ ማቆሚያ ወንበራቸው ሥር ወድቋል። የትግል ምልክት የለም። ከጎናቸው ሌላ ወንበር አለ፤ ወደ እሳቸው ዞሮ፣ ቀረብ ብሎ። ጨዋታ የያዙ ሁለት ሰዎች የተቀመጡበት ይመስላል።

«ሌባ ነው» አለ ሳጅን ቦና።

«ሁለት ካሜራ መደርደሪያ ላይ ትቶ የሚሄድ ሌባ?»

ሮሐ ክፍል ውስጥ ስትገባ የጎደለውን የመቁጠር ልማድ ነበራት። የኮምፒውተሩ ሆድ ተከፍቶ ሃርድ ዲስኩ ወጥቷል። ጠረጴዛው ላይ አቧራ ያልነካው፣ የትልቅ መጽሐፍ ያህል ስፋት ያለው አራት ማዕዘን ቦታ አለ። ከጠረጴዛው ጀርባ ግድግዳው ላይ አንድ አዳፕተር ተሰክቶ አረንጓዴ መብራቱ ይበራል፤ ገመዱ ወደ ወለሉ ተንጠልጥሏል፤ ጫፉ ላይ ግን ምንም የለም። መደርደሪያው ላይ ዲስኮች ከአንድ እስከ ስልሳ አራት በፓርከር ተቆጥረው ቆመዋል። በሃምሳ ሰባትና በሃምሳ ዘጠኝ፣ እንዲሁም በስልሳና በስልሳ ሁለት መካከል ግን አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ።

መሳቢያው ውስጥ የተገኘው ደብተር በጥንቃቄ የተጻፈ ነበር። ሮሐ ጮክ ብላ አነበበችው።

«‹ለብሉ ሬይ ዲስክ ማንበቢያና መገልበጫ የሚሆን ድራይቭ። አንደኛ፦ ዲቪዲ ብቻ። ብሉ ሬይ አያይም። ተመለሰ። ሁለተኛ፦ ቀጭኑ፣ ኃይሉን ከኮምፒውተሩ የሚወስደው። ባለ 25ና ባለ 50 ጊጋባይት ያነባል፤ ባለ 100 አያነብም። ተመለሰ። ሦስተኛ፦ ትልቁ፣ የራሱ አዳፕተር ያለው። ሁሉንም ያነባል። ይኸው ነው።›»

«ሰውዬው ድራይቭ የሚመርጡት ሚስት እንደሚመርጥ ሰው ነው» አለ ቦና።

«ሚስት ቢሆን ሁለት ጊዜ አይመልሱም ነበር።» ሮሐ ደብተሩን ዘጋች። ቀልዱን ያወጣችው ከልምድ እንጂ ከልቧ አልነበረም። ያ ቀረብ ብሎ የቆመው ወንበር ከሐሳቧ አልወጣላትም። ሰውዬውን የገደላቸው እዚያ ተቀምጦ ያዋራቸው ሰው ነው።

*

ጽዳት ሠራተኛዋ ምድር ቤት ካለው የኮምፒውተር ዕቃ ሱቅ ጋር ባለፈው ሳምንት ጩኸት እንደነበር ተናግራለች። የሱቁ ባለቤት ኪብሮን ሮሐን ሲያይ ላቡን በእጅጌው ጠረገ።

«ተጣልተናል፤ አልዋሽም» አለ። «ሁለት ጊዜ ነው ዕቃ የመለሱብኝ። ደንበኛ ፊት ‹አንተ ልጅ፣ የምትሸጠውን አታውቀውም› አሉኝ። እውነታቸውን ነበር እኮ! ግን ደንበኛ ፊት ይባላል?»

«ምን ፈልገው ነበር?»

«ጋሽ ተክሌ የድሮ ሠርጎቻቸውን ሁሉ ያስቀመጡት ብሉ ሬይ ላይ ነው። ዲስክም ያረጃል። ‹የሰው ትዝታ እጄ ላይ እንዳይሞት› ብለው አንድ በአንድ ወደ ሃርድ ዲስክ ሊገለብጡ ነበር። መጀመሪያ የዲቪዲ ድራይቭ ሰጠኋቸው፤ ከውጭ ሲያዩት አንድ ነው። ግን የዲቪዲው ብርሃን ቀይ ነው፤ ወፍራም ነው። የብሉ ሬይ ጽሑፍ ደቃቅ ነው። በጆንያ መስፊያ መርፌ የሽሮ ሜዳ ጥልፍ ይጠለፋል? አይጠለፍም። ባዶ ዲስክ ነው ይልዎታል።»

«ሁለተኛውስ?»

«እሱ ብሉ ሬይ ያነባል። ነገር ግን ረጃጅሞቹ ሠርጎች ያሉት ባለ መቶው ዲስክ ላይ ነው። ባለ መቶው ሦስት ሽፋን አለው፣ አንዱ ካንዱ ሥር። ቀጭኑ እስከ ሁለተኛው ወርዶ ያቆማል። በመጨረሻ ትልቁን አስመጣሁላቸው፤ ሁለት ነው የመጣው፣ አንዱ እስካሁን እኔው ጋ አለ፤ ማን ይገዛዋል?»

«የተመለሱትን ምን አደረግካቸው?»

«ዲቪዲው ያው እዚያ አለ። ቀጭኑን አብሯቸው የሚሠራው ኤርሚያስ ለቤቱ ወሰደው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኢንስፔክተር፣ ማክሰኞ ማታ ከአሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት እዚያ ማዶ ካፌ ኳስ ሳይ ነበርኩ። ሰው ሁሉ አይቶኛል። ተበልተን ስለነበር እሳደብ ነበር፤ በስድቤም ያስታውሱኛል።»

ቦና ካፌው ሄዶ ጠየቀ። አስታወሱት።

*

ኤርሚያስ አርባ ዓመት ያለፈው፣ ትከሻው የጎበጠ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። ከጋሽ ተክሌ ጋር አሥራ ስምንት ዓመት ሠርቷል፤ እሳቸው ካሜራ፣ እሱ መብራት። በየሠርጉ ድንኳን ከጌታው ቀኝ ቆሞ መብራቱን ከፍ አድርጎ ይይዛል፤ ካሜራው ወደ ዞረበት ይዞራል። ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«አባቴ ነው የሞተው። እኔ ልጅ የለኝም፣ ሚስት የለኝም፤ ጋሽ ተክሌ ነበሩኝ። በቃ።»

«ማክሰኞ ማታ?»

«ቤቴ ነበርኩ። አንዳንድ ዲስክ ለእኔም ይሰጡኛል፣ ሥራውን እንድንካፈል። እ... ሃምሳ ስምንትን ስገለብጥ ነበር። ላፕቶፔን እዩት፤ የጀመርኩበትም የጨረስኩበትም ሰዓት አለ።»

ቦና አየው። የመጀመሪያው ፋይል የተገለበጠው ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ፣ የመጨረሻው ሁለት ሰዓት ከሃያ። የኮምፒውተሩ ሰዓት ትክክል ነው፤ ማንም አልነካካውም። ሐኪሙ ደግሞ ሞቱ በአንድና በሁለት ሰዓት መካከል ነው ብሏል። ኤርሚያስ ከሚኖርበት ከሽሮ ሜዳ አዲሱ ገበያ ደርሶ ለመመለስ፣ ያውም በማታ ሰልፍ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል።

«ዲስኩ እየተገለበጠ ወጥተህ መምጣት ትችል ነበር» አለች ሮሐ።

ኤርሚያስ አልተቆጣም። «ድራይቩ ከላፕቶፑ ነው ኃይል የሚወስደው፤ ሶኬቴም ይላላል። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ካልጠበቅኩት ይቋረጣል። ጎረቤቴን ጠይቁ፤ መብራቴ ሲበራ ነበር።» ከዚያ አመንትቶ፣ «ነገር ማቀጣጠል አይሁንብኝና፣ ጌቱ የሚባል ሰው አለ፤ ሲደውልባቸው ሰንብቷል። ጋሽ ተክሌ ስልኩን ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁር ነበር» አለ።

የሟቹ ስልክ ላይ የጌቱ ጥሪ በማክሰኞ ብቻ ሰባት ነበር።

*

ጌቱ ጎሚስታ ነው። ሮሐን ያነጋገራት የተፈታ ጎማ ላይ ተቀምጦ፣ እጁን በጋዝ በራሰ ጨርቅ እየጠረገ ነው።

«ሰባት ጊዜ ደውያለሁ። ሰባ ጊዜም እደውል ነበር» አለ። «የሠርጌን ቪዲዮ ጠይቄ ነው። የሰጡኝ ዲቪዲ ተጫጭሯል። እናቴ ባለፈው ወር ሞተችብኝ። ሠርጌ ላይ ስትጨፍር ማየት ፈለግኩ። ይሄ ወንጀል ነው?»

«ምን አሉህ?»

«‹ጥቂት ቀን ስጠኝ፤ ያንተን ዲስክ ገና እያየሁት ነው› አሉኝ። የሚታይ ምን አለው? ስምንት ዓመት ያለፈው ሠርግ! ደግሞ ድምፃቸው... ማለቴ፣ የፈራ ሰው ድምፅ ነበር።»

ማክሰኞ ማታ የሦስት ሚኒባስ ጎማ ሲቀይር አምሽቷል፤ ሾፌሮቹም መሰከሩ። ሮሐ ተነሥታ ልትሄድ ስትል አንድ ነገር ጠየቀችው። «ያንተ ሠርግ ዲስክ ቁጥሩ ስንት ነው?»

«ስልሳ አንድ» አለ ጌቱ። «ደረሰኙ ላይ አለ።»

*

ዓርብ ዕለት ለቅሶ ቤቱ ሞልቶ ነበር። ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው አቀበት ላይ እድሩ የተከለው ድንኳን ነፋስ እየገባበት ይንኮሻኮሻል። ሬሳው ሐሙስ ተቀብሯል። ሮሐ እንደ ለቀስተኛ ገብታ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሴቶቹ መካከል ተቀመጠች።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ሸዋገነት ጓዳ ፍራሽ ላይ ናቸው። ኤርሚያስ ከአጠገባቸው ውሃ ይዞ በርከክ ብሏል። «እትዬ ሸዋዬ፣ አንድ ጉንጭ፤ ለእኔ ብለው» ይላል። ሦስት ቀን ከቤቱ አልወጣም፤ ሐዘንተኛ ብቻውን አይተኛምና ከሌሎቹ ጋር ሳሎን ያድራል። ሴቶቹ ሲያዩት «ልጅ ማለት እንዲህ ነው» ይላሉ።

ወይዘሮ ሸዋገነት «ልጆች፣ ትንሽ አየር ልውሰድ» ብለው ሁሉንም አስወጡ። ፖሊስ መሆኗን ያውቃሉና ሮሐን ብቻ በነጠላዋ ጫፍ ጎትተው አስቀሩ። እጃቸው በረዶ ነበር።

«ልጄ፣ ይሄ ቤት ውስጥ ሰው አለ» አሉ በሹክሹክታ።

«ብዙ ሰው አለ፣ እትዬ።»

«እሱን አይደለም የምልሽ። ትናንት ጎህ ሲቀድ ነቃሁ፤ ዓይኔን አልገለጥኩም። አንድ እጅ ከትራሴ ሥር ነበር። ቀስ እያለ ይዳብሳል። እስትንፋሱ ፊቴ ላይ ነበር፣ ልጄ። የሞትኩ መሰልኩ። ከዚያ ሄደ። ስነሣ ሣጥኔ ተከፍቷል። ከሃያ ሰው መካከል ማን እንደሆነ በምን ልወቅ? ሁሉም ‹እግዚአብሔር ያጽናሽ› ይለኛል።»

«ምን ፈልጎ ይመስልዎታል?»

ወይዘሮ ሸዋገነት ቀሚሳቸው ሥር፣ ወገባቸው ላይ በመቀነት ያሰሩትን ፈቱ። በጨርቅ የተጠቀለለ ዲስክ ነው። በፓርከር «61 — የጌቱ ሠርግ — ጥሬው» ተብሎ ተጽፎበታል።

«ተክሌ ሁሉንም ሁለት ሁለት ያደርጋል። ‹ቤት ቢቃጠል ሱቅ ይተርፋል› ይል ነበር። የሱቁ ጠፋ አሉኝ። ይሄ የቤቱ ነው።» ዓይናቸው በሩ ላይ ነበር። «የሺን ታውቂያታለሽ? ታች ሽሮ ሜዳ ነጠላ የምትሸጠዋን? በጌቱ ሠርግ ዕለት ልጇ ማቲያስ ከድንኳኑ ጀርባ ገደል ገብቶ ሞተ። ሸማኔ ነበር፣ እጀ ወርቅ። ሰክሮ ነው ተባለና ተዘጋ። እሑድ ዕለት ተክሌ ምሳ አልበላ አለ። ‹ሸዋዬ፣ ማቲያስ ብቻውን አልወጣም፤ ዲስኩ ላይ አየሁት› አለኝ። ማን ነው ብዬ ስጠይቀው ‹የሰው ስም በጥርጣሬ አይነሣም። መጀመሪያ ራሱን እጠይቀዋለሁ› አለ።»

«ጠየቁት» አለች ሮሐ።

«ጠየቀው እንጂ።» አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

ሮሐ ዲስኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ቤቱ ውስጥ እጁን ትራስ ሥር የሚሰድ ሰው አለ፤ ፖሊስ ብታቆም ይነቃል፤ ሴትዮዋን ብታወጣቸው ሰዉ ሁሉ ይጠይቃል። ስትወጣ ኤርሚያስን ወደ ድንኳኑ ጥግ ጠራችው።

«እትዬን ብቻቸውን አትተዋቸው። የሚጎበኛቸውን ሁሉ ልብ በል። አደራህን።»

«በእኔ ይጣሉት» አለ ኤርሚያስ።

ይህን ቃል ሮሐ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ስትሰማው ኖራለች።

*

ቅዳሜ ከሰዓት ዝናቡ የጣቢያውን ቆርቆሮ ይደበድባል። የቢሮው ድራይቭ ዲስኩን ዋጠና ተፋው፤ «ዲስክ የለም» አለ።

«ባዶ ነው!» ቦና እጁን አጨበጨበ። «ሰው በባዶ ዲስክ ሞተ።»

«ባዶ አይደለም። መርፌው ነው የወፈረው።»

ኪብሮንን አስጠሩት። ሁለት ካርቶን ይዞ መጣ። አንደኛው ለኤርሚያስ የሸጠው ዓይነት ቀጭን ድራይቭ ነው። ሮሐ ያልተጠየቀ ነገር መሞከር ትወዳለችና መጀመሪያ እሱን አሰካችው። ድራይቩ አጉረመረመ፣ ቆመ፣ እንደገና አጉረመረመ፣ ተወው። ቀጥሎ ትልቁን አዳፕተሩን ግድግዳ ላይ ሰክተው አበሩት። ሠርጉ ተከፈተ።

ድንኳን፣ ምሽት፣ ጭፈራ። ቦና ከስክሪኑ በአንድ ስንዝር ርቀት ላይ ተቀምጦ ፊት ይፈልጋል። «ይኸው ማቲያስ፤ ፎቶው መዝገቡ ላይ አለ። ከጀርባ መውጫው አጠገብ። ይናገራል... ለማን? ሰውየው ከምሰሶው ኋላ ነው። እጁ ብቻ። ኡፍ! እጅ ይታሰራል?» ወደ ኋላ መለሰው፤ እንደገና ወደ ፊት። ፊት የለም። ማቲያስ ይወጣል። ድንኳኑ ይጨፍራል።

«ሌላ ነገር የለም፣ ኢንስፔክተር። ሰውዬው ይህን አይተው ነው ‹አየሁት› ያሉት? ምኑን?»

ሮሐ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። ፊቶቹን ትታ ምስሉን በሙሉ አየችው። የጌቱ እናት እየጨፈሩ ናቸው፤ ግን ደብዝዘዋል። ካሜራው ወደ ሙሽራዋ ዞረ፤ ሙሽራዋም ደብዝዛለች። ሰው የሌለበት የምግብ ጠረጴዛ ግን ቦግ ብሎ በርቷል።

«ቦና፣ ጥላውን እየው።»

«የማንን?»

«የምሰሶውን። ሸራው ላይ ያረፈውን። ካሜራው ይዞራል፤ ጥላው ግን አይነቃነቅም። ከዚህ በፊት ካሜራው በዞረ ቁጥር ይዞር ነበር።»

ቦና አፉን ከፈተ። «መብራቱን ማቆሚያ ላይ አስቀምጦታል።»

«ማቲያስ ሊወጣ ሲል ነው ያስቀመጠው። አሳልፈው።»

ሃያ ሦስት ደቂቃ አለፈ። ከዚያ ጥላው ተነቃነቀ። ብርሃኑ ከምግብ ጠረጴዛው ተነሥቶ ወደ ሙሽሮቹ ዞረ። ነገር ግን ፊታቸው ላይ እንደ ሻማ ይርገበገብ ጀመር። የያዘው እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሮሐ የድሮውን መዝገብ ከፈተች። የመብራት ያዡ የኤርሚያስ ቃል፦ «ከካሜራው አጠገብ ለአፍታም አልተለየሁም።» ከሥሩ የካሜራማኑ የተክለ ሃይማኖት ቃል፦ «መብራቱ አልጠፋብኝም። እውነቱን ነው።» ጋሽ ተክሌ በካሜራው ዓይን ብቻ ያዩ የነበሩ ሰው ናቸው፤ መብራቱ እስካልጠፋ ድረስ የያዘው ሰው አለ ብለው አመኑ። ስምንት ዓመት አልፎ፣ ያልተቆረጠውን ጥሬ ቪዲዮ ሲገለብጡ የመሰከሩለትን ሰው ውሸት አዩት።

«ግን ማክሰኞ ቤቱ ነበር» አለ ቦና። «ሃምሳ ስምንትን...» አለና አቆመ።

«ሃምሳ ስምንት ባለ ስንት ነው?» ሮሐ ፊቷን ወደ ኪብሮን አዞረች።

ኪብሮን ጣቶቹን ይቆጥር ይመስል አየ። «ከሃምሳ በላይ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ባለ መቶ ናቸው። እኔው ነኝ ዲስኮቹን የሸጥኩላቸው።» ከዚያ ገባው። «ኤርሚያስ ጋ ያለው ቀጭኑ እኮ ነው።»

ሃምሳ ስምንት የተገለበጠው በትልቁ ድራይቭ ነው፤ ትልቁ የነበረው ደግሞ ጋሽ ተክሌ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። ኤርሚያስ ላፕቶፑን ይዞ መጥቶ፣ በጋሽ ተክሌ ድራይቭ፣ ከጋሽ ተክሌ ጎን ተቀምጦ ሲገለብጥ ነበር። ሲያልቅ ዱካውን ለማጥፋት ድራይቩን ነቅሎ ወሰደ። ቤቱ ያለው ቀጭኑ ግድግዳ ላይ አይሰካምና ከጠረጴዛው ኋላ አዳፕተር ይኖራል ብሎ አላሰበም።

ሮሐ ሰዓቷን አየች። ዛሬ ሣልስት ነው። በሣልስት ሰው ይበተናል፤ ድንኳን ይፈርሳል። ከሐዘንተኛዋ ጋር የሚቀረው የቅርብ ሰው ብቻ ነው።

የወይዘሮ ሸዋገነት ስልክ ጠራ፤ ጠራ፤ አልተነሣም።

*

መኪናዋ በአቀበቱ ጭቃ ላይ ተንሸራተተች። ቦና ስልኩን ደጋግሞ ይመታል። ሮሐ «በእኔ ይጣሉት» የሚለው ድምፅ ጆሮዋ ላይ እየመጣ መሪውን ጨምድዳ ይዛለች። ሴትዮዋን ለባላቸው ገዳይ አደራ የሰጠችው ራሷ ናት።

ድንኳኑ ፈርሷል። እርጥብ ሸራው ግቢው ውስጥ ተጠቅልሏል። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ሮሐ ቦናን በእጇ ምልክት ወደ ጓሮ ላከችውና አንኳኳች።

«ማነው?»

«ሮሐ ነኝ። ሣልስት ልደርስ ብዬ ነው።»

መቀርቀሪያው ተሳበ። ኤርሚያስ በሩን በትከሻው ያህል ብቻ ከፈተ። «እትዬ ተኝተዋል። አሁን ገና ነው ሸለብ ያደረጋቸው።»

«ለቅሶ ቤት በር ላይ አይቆምም» ብላ ገፍታው ገባች።

ወይዘሮ ሸዋገነት ፍራሹ ላይ ተቀምጠዋል። አልተኙም። ዓይናቸው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ሣጥኑ ተገልብጦ ልብሱ ወለሉ ላይ ነው። ከፊታቸው የለቅሶ ዳቦ፣ ዳቦው ላይ ቢላዋ። ሮሐ እንደ ደንቡ ጎንበስ ብላ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለችና በእሳቸውና በኤርሚያስ መካከል ተቀመጠች። ቢላዋው ግን ከእሷ ይልቅ ለኤርሚያስ እጅ ይቀርብ ነበር።

«ልብስ እያጠፍኩላቸው ነው» አለ ኤርሚያስ። ቁጭ አለ። በቢላዋው ዳቦ ቆረጠ፤ መልሶም አላስቀመጠውም።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች ሮሐ። ቃላቱን አንድ በአንድ አወጣች። «ሃምሳ ስምንትን በየትኛው ድራይቭ ነው የገለበጥከው?»

«በራሴ ነዋ። በቀጭኑ።»

«ባለ መቶ ነው። ቀጭኑ ሁለተኛው ሽፋን ላይ ያቆማል። ዛሬ ሞክሬው ነው የመጣሁት።»

ኤርሚያስ የቢላዋውን ስለት በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ጨመረ። ሮሐ የወይዘሮ ሸዋገነትን እስትንፋስ ጀርባዋ ላይ ሰማችው፤ አጭር፣ የሚቆራረጥ።

«አልቆጡኝም እኮ» አለ ኤርሚያስ በመጨረሻ፣ በዚያው ለስላሳ ድምፁ። «ሥራችንን እየሠራን ነበር። እንደ ቀልድ ‹ኤርሚ፣ ያን ዕለት መብራቱን አስቀምጠህ የት ሄድክ?› አሉኝ። እንደ አባት። አንድ ነገር ብላቸው ያምኑኝ ነበር። ‹ሽንት ቤት› ብላቸው ያምኑኝ ነበር። አፌ አልከፈት አለ።»

«ማቲያስስ?»

«እህቴን ሔለንን ሊያገባ ነበር። የሸማኔ ልጅ! አባቴ ይህን ሰምቶ ይሞት ነበር። ልመክረው ነው የወጣሁት። ሳቀብኝ።» ትከሻውን ነቀነቀ። «ገፋ አደረግኩት።»

«ጋሽ ተክሌ የሞቱት ሁለት ሰዓት ሳይሆን ነው። አንተ እስከ ሁለት ሰዓት ከሃያ ምን ትሠራ ነበር?»

ኤርሚያስ ጥያቄው እንደገረመው ቀና ብሎ አያት።

«መገልበጡ አላለቀም ነበር» አለ።

ከሮሐ ጀርባ አንድ ድምፅ ወጣ፤ ለቅሶም ጩኸትም ያልሆነ። የኤርሚያስ ዓይን ወደዚያ ሄደ፤ የቢላዋው ስለትም አብሮ ዞረ። ሮሐ እጁን በሁለት እጇ ይዛ በሙሉ ክብደቷ ወለሉ ላይ ተጫነችው። የጓዳው በር ተበረገደና ቦና ከነጭቃው ላዩ ላይ ወደቀ። ዳቦው ተንከባለለ። ሲያልቅ ኤርሚያስ በሆዱ ተኝቶ፣ እጁ ወደ ኋላ ታስሮ፣ ጉንጩ ምንጣፉ ላይ ነበር፤ ሮሐ መዳፏ መቆረጡን ያየችው ያኔ ነው።

*

ቦና ይዞት ወረደ። ጎረቤቶች መጡ፤ ወይዘሮ ሸዋገነት በሩን አልከፈቱላቸውም። «ነገ» አሉ ከውስጥ። «ነገ ኑ።» መቀርቀሪያውን ሁለት ጊዜ ነካክተው አረጋገጡ።

«እህት ወንድም አለዎት? ልጥራልዎት?» አለች ሮሐ መዳፏን በጨርቅ እያሰረች።

«ማንንም አትጥሪ።»

«ብቻዎን አያድሩም። እኔ እቆያለሁ።»

ወይዘሮ ሸዋገነት ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ሦስት ቀን ውሃ የጠጡት፣ ጉርሻ የበሉት ከማን እጅ እንደሆነ ያሰቡ ይመስላሉ፤ ከንፈራቸውን በእጃቸው ጀርባ ደጋግመው ጠረጉ። ከዚያ ሮሐን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«አንቺስ?» አሉ። «ማክሰኞ ማታ የት ነበርሽ?»

ሮሐ ጥያቄው መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። ይህን ጥያቄ ለስንት ሰው ጠይቃለች፤ መልሱ እንዴት እንደሚመዘንም ታውቃለች።

«ከቢሮ የወጣሁት ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ነው። ታክሲ ይዤ ቤቴ ገባሁ። ዩኒፎርሜን ተኮስኩ። ምስር ነበር፤ አሙቄ በላሁ። ሦስት ሰዓት ላይ ተኛሁ።»

«ማን አየሽ?»

ሮሐ አሰበች። በግቢው ያገኘችው ሰው አልነበረም። ስልክ አልደወለችም። ዋሽታ አንድ ስም ብትጠራ ሴትዮዋ ያርፉ ነበር።

«ማንም አላየኝም» አለች።

ወይዘሮ ሸዋገነት ከወለሉ ልብስ መካከል አንድ ብርድ ልብስ አንሥተው ከበሩ አጠገብ አነጠፉላት። የራሳቸውን ፍራሽ ግን እስከ ግድግዳው ድረስ ጎተቱት። ጀርባቸውን ለግድግዳው፣ ፊታቸውን ለሮሐ ሰጥተው ጋደም አሉ፤ ዓይናቸውንም አልከደኑም።